የገና በዓል ሐዘን ቤት ሲገባ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ድንኳን ሲተከል ሰው ሁሉ አለ። ዕድሩ ወንበሩንና ድስቱን ያመጣል፣ ጎረቤት እዝን ይዞ ይመላለሳል፣ ዘመድ መሬት ላይ አንጥፎ ያድራል። ከባዱ ጊዜ የሚመጣው ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ነው። ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል፤ የባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ በዶሮና በበግ ይሞላል፤ ሐዘንተኛው ግን መጀመሪያ የሚደርስበትን ዓመት በዓል ብቻውን ይጠብቃል። ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች የሚያወሩት ስለዚሁ ነው። መልሶቹን የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችና የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች አብረው አዘጋጅተዋል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ያረፈው ኅዳር 20 ነው። የሞተበት ቀን አንድ ተብሎ ሲቆጠር አርባው ልክ ታኅሣሥ 29፣ ገና ዕለት ይውላል። ወንድሞቹ «ቀኑ ቀኑ ነው፤ በሬ ተጥሎ በዚያው ዕለት ይደገስ» ይላሉ። በእጄ ያለው ገንዘብ ለሦስቱ ልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። እምቢ ብል ባሏን አላከበረችም መባሌ አይቀርም። ምን ይሻላል? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ ለእሳቸውም ነፍስ ይማር። መጀመሪያ ሁለቱን ነገር ይለያዩ፤ ጸሎቱ ሌላ ነው፣ ግብዣው ሌላ ነው። ከቀኑ ጋር የተያያዘው ጸሎቱ ነው። እንግዳ የሚበላው እንጀራ ሳምንት ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ለነፍስ የሚያጎድለው ነገር የለም።

ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳይሉ ንስሐ አባትዎ ዘንድ ይሂዱና ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በዓሉ የገና ዕለት ሲሆን ጸሎቱ በዚያው ቀን ይደረጋል ወይስ ይዛወራል? በስንት ሰዓት? ከእርስዎስ ምን ይጠበቃል? ይህ ለመጨረሻው ሳምንት የሚተው ጉዳይ አይደለም። ካህናቱና ዲያቆናቱ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ቀድሰው የሚወጡበት ቀን ነው። ቀድሞ ባልተነገረው ደብር ጠዋት ላይ ሰው ፍለጋ መሮጥ ሐዘንን በእጥፍ ያከብዳል። የቀኑንም ቆጠራ እዚያው ያስመሳክሩ።

ግብዣውን በተመለከተ የእኛ ምክር ግልጽ ነው፦ ንስሐ አባትዎ ከፈቀዱ ከገና በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ጾሙ ሳይፈታ ያድርጉት። በጾም በሬ አይጣልም፤ ዶሮ አይሠራም። በዚያ ሳምንት የጾም ምግብ ቀርቦ «አነሰ» የሚል ሰው አይኖርም፤ ክርክሩ ሳይነሣ ያልቃል። በገና ዕለት ከሆነ ግን እያንዳንዱ እንግዳ የራሱ ቤት በዓል ስላለው ግማሹ ይቀራል፣ የመጣውም ይቸኩላል፣ የተሠራው ምግብ ይተርፋል።

ለ50 ሰው የሚሆን ልክ ይኸውና፦ እንጀራ 120፣ ሽሮ 3 ኪሎ፣ ምስር ክክ 3 ኪሎ፣ ለንፍሮ ስንዴና ሽምብራ ተደምሮ 4 ኪሎ፣ ሁለት ትልልቅ ድፎ ዳቦ። እንጀራው ለሰው ሁለት ሁለት ተብሎ ሃያው መጠባበቂያ ነው። ከመጀመሪያው ድስት ላይ ለ10 ወይም ለ15 ሰው የሚሆን ቀድሞ ተቀንሶ በቤተ ክርስቲያን በር ላሉት ነዳያን ይሂድ። በመጨረሻ የተረፈውን እናካፍላለን ያለ ቤት ብዙ ጊዜ የሚያካፍለው ነገር አይተርፈውም፤ ተዝካሩ ደግሞ ዋናው ነገሩ እሱ ነበር። ጥሪውን በዕድሩ በኩል በቁጥር ያስተላልፉ። «የሰማ ይምጣ» ከተባለ 50 የነበረው 150 ይሆናል፤ ያኔ ነው ብድር የሚጀመረው። ተበድሮ የተደገሰ ተዝካር ዕዳው የሚደርሰው የልጆቹ ሁለተኛ መንፈቅ ዓመት ክፍያ በሚጠየቅበት ሰሞን ነው።

ለወንድሞቹ ብቻዎን አይናገሩ። ንስሐ አባትዎ ወይም የዕድሩ ዳኛ ባሉበት፣ አጭር አድርገው፣ ለምሳሌ እንዲህ ይበሉ፦ «ነፍሱን በጸሎትና በምጽዋት እናስባለን። የልጆቹን ትምህርት ግን እሱ ቢኖር አያቋርጥም ነበር።» ከዚያ በኋላ የዋጋ ክርክር ውስጥ አይግቡ። በሬ ለመጣል የሚሻ ወንድም ካለ በራሱ ገንዘብ፣ በራሱ ቤት፣ በሙት ዓመቱ ማድረግ ይችላል።

የገና ዕለት ቤቱን ባዶ አያድርጉት። ልጆቹ ጾማቸውን በዳቦና በትንሽ ወጥ ቢፈቱም በዓል ነው። ገና ጨዋታ ልሂድ ያለ ልጅ ካለ ይሂድ፤ አባቱን የረሳ መስሎ እንዳይሰማው እርስዎ ራስዎ «ሂድ ልጄ» ይበሉት።

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። አባቴ ካረፈ አምስት ወሩ ነው። ገና ሲመጣ ዶሮውንም በጉንም የሚያርደው እሱ ነበር፤ ቅርጫም ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ይገባ ነበር። እናቴ «ዘንድሮ በዚህ ቤት እሳት አይነድም» ብላለች። ከአዲስ አበባ የሚመጡት እኅቶቼ ደግሞ ሁሉም እንደ ድሮው ካልሆነ ይላሉ። መሐል ላይ ቆሜያለሁ። (ከቀበሌ 14)

መልስ፦ ወንድማችን፣ እናትህም እኅቶችህም አንዱን ሕመም በሁለት መንገድ እየተናገሩት ነው። እናትህ በዓሉ ከነጭራሹ ቢቀር ጉድለቱ የማይታይ ይመስላታል። እኅቶችህ ሁሉም እንደ ድሮው ከሆነ ጉድለቱ የሚሞላ ይመስላቸዋል። ሁለቱም አይሆንም። እሳት ያልነደደበት ቤት ጎረቤቱ ሁሉ ሲቆላና ሲያቁላላ ሽታው ግድግዳ አልፎ ይገባል። እንደ ድሮው የተባለው ቤት ደግሞ ወጡ ቀርቦ ሁሉም ዓይን ዓይኑን ሲያይ ፈርሶ ወደ ለቅሶ ይሄዳል። የሚሠራው መንገድ በዓሉን ማሳነስና አባታችሁን በስሙ እየጠራችሁ ውስጡ ማስገባት ነው። ለዚህ ደግሞ እኅቶችህ መናኸሪያ ከመድረሳቸው በፊት በስልክ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ዋዜማ ማታ የተጀመረ ንግግር ወደ ጭቅጭቅ ነው የሚዞረው።

የሚወሰኑት ነገሮች እነዚህ ናቸው።

ቅርጫውን ቢያንስ ሳምንት ቀድመህ ለሰብሳቢው ንገር። ዘንድሮ አትገቡም? ግማሽ መደብ ትወስዳላችሁ? ወይስ አንተ በአባትህ ቦታ ትገባለህ? ዝም ካልክ በሐዘን ቤት ደፍሮ የሚጠይቅ አይኖርም፤ ጠዋት ላይ የአባትህ መደብ ተቆርጦ ስሙ ሲጠራ መስማት ግን ላንተ ከባድ ነው።

ዕርዱን በሚመለከት፣ አርደህ የማታውቅ ከሆነ በዓሉ ቀን አትጀምር። አጎት ወይም የአባትህ ጓደኛ ያርድ፤ አንተ ያዝለት። ልትሞክር ከፈለግህ ለሚመጣው ፋሲካ አብረህ ተማር።

ዶሮው አንድ ይበቃል። ሁለት ይታረድ የነበረ ቤት አንድ ሲያርድ መጠኑ ራሱ ይናገራል፤ ማንም ማብራራት አይኖርበትም። እናትህን «አትሥሪ» አትበሏት፣ «ሥሪ» ም አትበሏት። እኅቶችህ ሽንኩርቱን ይላጡ፣ ይክተፉ፤ ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ገደማ ነው። ቁሌቱ ብቻ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። እናትህ አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀምጣ «በርበሬው አሁን ይግባ፣ ውኃ ጠብ አድርጉ» ብትል ይበቃታል። እጅ ሥራ ላይ ሲሆን አፍ ይፈታል፤ አብዛኛው ጥሩ ወሬ የሚወጣው በዚያች ሁለት ሰዓት ውስጥ ነው። ደግሞም ሽንኩርት አጠገብ ያለቀሰን ሰው ማንም «ምነው?» ብሎ አያስጨንቀውም።

አሁን ማንም የማያስበው፣ በብዙ ቤት ግን ማዕዱን የሚያፈርሰው አንድ ነገር አለ። ዶሮው 12 ብልት ነው፤ ፈረሰኛው የአባወራው ነው። ወጡ ወጥቶ እንጀራው ላይ ሲገለበጥ ያ ብልት የማን ይሆናል? ሳይታሰብበት ከቀረበ ብዙ ጊዜ አንዲት አክስት አንሥታ በታላቁ ወንድ ልጅ ፊት ታስቀምጠዋለች። ልጁ ሊውጠው አይችልም። እናት ታያለች፣ ትነሣለች፣ ማዕዱ ይበተናል። ይህን ለማስቀረት ገና ድስቱ እሳት ላይ ሳለ እናትህን ለብቻዋ ጠይቃት፦ «እማዬ፣ ፈረሰኛውን ምን እናድርገው?» ለራሷ ልትወስደው ትችላለች። ላንተ ልትሰጥህ ትችላለች፤ ከሰጠችህ በትሕትና ተቀበል። የአባትህ የቅርብ ጓደኛ እንዲበላው ልትጠራው ወይም በሳህን አድርጋ ለተቸገረ ጎረቤት ልትልከው ትችላለች። ሁሉም ደግ ነው። ዋናው እሷ መወሰኗና ሁሉም ቀድሞ ማወቁ ነው።

ማዕዱ ላይ ጸሎት ሲደረግ ስሙ ይጠራ፤ በሕይወት ካሉት መካከል አንዱ ስለ እሱ አንድ ነገር ይናገር። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። ለቅሶ ቢመጣ ይምጣ፤ አሥር ደቂቃ የተለቀሰበት ማዕድ አልተበላሸም። የሚያበላሸው መጠጡ ነው። ጠላውና አረቄው ሐዘንን ለሰዓታት ያደነዝዛል፣ ሌሊቱን እንቅልፍ ይነሣል፣ በማግስቱም የከፋ ድባቴ ይተዋል፤ የውርስና የቂም ወሬ የሚነሣውም ከሦስተኛው ብርጭቆ በኋላ ነው። አረቄው ዘንድሮ ከቤት ይቅር።

እናትህ በበዓሉ ቀን ጥቁሯን አላወልቅም ካለች አትጫኗት።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ አያቷን በጣም ትወድ ነበር። ስትሞት «አዲስ አበባ ለሕክምና ሄዳለች» አልናት። አሁን «ለገና ትመጣለች አይደል?» እያለች በየቀኑ ትጠይቀኛለች። በዓሉ እስኪያልፍ እንዲሁ ልተዋት ወይስ ልንገራት? (ከግሽ ዓባይ)

መልስ፦ ይንገሯት፤ ከበዓሉም ቢያንስ አሥር ቀን ቀድመው ይሁን። ገና ዕለት በር ላይ ቆማ አያቷን የጠበቀች ልጅ ሁለት ነገር በአንዴ ታጣለች፦ አያቷንና በእርስዎ ላይ ያላትን እምነት። ከዚያ ወዲያ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሁሉ የማይመለስ ይመስላታል። «ተኝታለች» ማለትም አይሆንም፤ ይህን የተባለ ልጅ ማታ መተኛት ሊፈራ ይችላል።

ጠግባ፣ ሳይደክማት፣ በቀን ብርሃን፣ ከጎንዎ አስቀምጠው፣ በዚህ ቅደም ተከተል ይንገሯት፦ «አያትሽ በጣም ታማ ነበር። ሐኪሞቹ ሞክረው ነበር፣ ግን ሞታለች። ሞተች ማለት ሰውነቷ መሥራት አቆመ ማለት ነው። አትተነፍስም፣ አይርባትም፣ አያማትም። ተመልሳ አትመጣም።» እዚህ ላይ ይቁሙና ዝም ይበሉ። «ነፍሷ ከእግዚአብሔር ዘንድ ናት» የሚለውን ከዚያ በኋላ ያስከትሉ። እሱ ከቀደመ ልጅ «ታዲያ መቼ ትመለሳለች?» ማለቷ አይቀርም። «አዲስ አበባ ሄደች ያልንሽ ልክ አልነበረም፤ እንዳታዝኚ ብለን ነው፤ ይቅርታ» ብለውም ይጨምሩ።

ከስድስት ዓመት ልጅ የሚጠበቀው እንዲህ ነው፦ አምስት ደቂቃ ታለቅስና ወጥታ ትጫወታለች። አልገባትም ማለት አይደለም፤ ልጆች የሚያዝኑት በቁራጭ ነው። ያንኑ ጥያቄ ደጋግማ ትጠይቃለች፤ በየጊዜው በዚያው ቃል ይመልሱላት። አልጋ ላይ መሽናት ልትጀምር ወይም ከእርስዎ አልላቀቅ ልትል ትችላለች፤ በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይተዋታል። ብዙ ልጆች በሆዳቸው የሚይዟቸውን ሁለት ፍርሃቶች ሳትጠይቅ ይመልሱላት፦ «አንቺ ባጠፋሽው ነገር አይደለም የሞተችው» እና «እኔ ደህና ነኝ፣ አብሬሽ ነኝ»።

ለገናው አያቷ የሚያደርጉትን አንድ ነገር እሷ ታድርገው። ቄጤማ መጎዝጎዝ፣ ፈንዲሻ ማደል፣ ዕጣን ማስጨስ ሲደረግ አጠገብ መቀመጥ፤ የትኛውን እንደምትመርጥ ይጠይቋት።

ጥያቄ፦ እኅቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። ልጇን ከቀበረች ወዲህ እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች፤ ከዚያም በኋላ ምግብ አይወርድላትም። «ለልጄ ነው የምጾመው» ትላለች። (ከዘንዘልማ)

መልስ፦ ይህ ሳይዘገይ መስተካከል ያለበት ነው። ኢንሱሊን ተወግቶ ምግብ ካልተበላ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ መደናገር፣ ከዚያም ራስን መሳት። ራሷን ሳትስት ምልክቱ ከታየ ወዲያው 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጣችሁ አጠጧት፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻላት ድገሙ፣ ሲሻላት ምግብ ትብላ። ራሷን ከሳተች በአፏ ምንም አታድርጉ፤ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። መድኃኒቱን በራሷ ፈቃድ ማቆሙም አደጋ ነው፤ ስኳሩ በተቃራኒው ከልክ በላይ ይወጣል።

ለታመመ ሰው ንስሐ አባት ጾሙን ያቀልላሉ፤ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሁለታችሁ አብራችሁ ሄዳችሁ ከእሳቸው አንደበት ትስማው። ከጾሙ ምግብ ሳትወጣ ጠዋት ሽሮ በትንሽ እንጀራ፣ ቀትር ላይ ምስር፣ ማታ አትክልት በትንሽ በትንሹ መብላት ትችላለች። የኢንሱሊኑን መጠን ሐኪሟ ያስተካክልላት።

ጥያቄ፦ የጎረቤቴ ባል ሞቷል። የገና ጠዋት ሳልጎበኛት አልውልም፣ ግን «እንኳን አደረሰሽ» ይባላል? ምን ይዤስ ልሂድ? (ከዘጌ)

መልስ፦ «እንዴት አደርሽ? ዛሬ ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ መጣሁ» ይበቃል። እሷ «እንኳን አደረሰሽ» ካለች ይመልሱላት፤ ካላለች ይተውት። የተሠራ ምግብ ይዘው ይሂዱ፣ በሚመለስ ዕቃ ሳይሆን በማይመለስ ዕቃ፤ ሐዘንተኛ የሰው ሳህን መቁጠር የለባትም። ቡናውን ይዘው ሄደው ራስዎ ይቁሉት፣ ራስዎ ያፍሉት። እሷ ለእንግዳ ልትነሣ ስትል «ተቀመጪ» ይበሉ። የባሏን ስም ከመጥራት አይሽሹ፤ ብዙ ሐዘንተኛ የሚያመው ስሙ መነሣቱ ሳይሆን ሰው ሁሉ ስሙን መሸሹ ነው። «እሱስ ተገላገለ»፣ «ገና ወጣት ነሽ» የሚሉትን አይበሉ። ከአቦል በኋላ ፊቷ ከደከመ ይነሡ፤ ካልደከመ በረካውን ጠጥተው ይሂዱ። እና ከሁሉ በላይ፣ የገና ማግስትም ይመለሱ፤ በዓል ዕለት የሚመጣ ሰው አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከሞተ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ሙት ዓመቱም ወጥቷል። እናታችን ግን አሁንም ከቤት አትወጣም፣ ልብሱን አታስነካም፣ «ለምን እኔን አልወሰደኝም» ትላለች። ይህ ሁለተኛው ገናችን ነው። ጸበል ወስደናታል። ሌላ ምን እናድርግ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ልብሱን ማስቀመጧ፣ በበዓል ማልቀሷ፣ ስሙን መጥራቷ በራሱ በሽታ አይደለም። ልጅ የቀበረች እናት ዕድሜዋን ሙሉ ታስታውሳለች። የምናየው ሌላ ነው፦ ኑሮዋ ቀጥሏል ወይስ በዚያ ቀን ላይ ቆሟል? የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ የተራዘመ ሐዘን ራሱን የቻለ የጤና ችግር ሆኖ ተመዝግቧል። መለኪያው ቢያንስ ስድስት ወር የቆየና ከኅብረተሰቡ ባህልና ሃይማኖት ልማድ ያለፈ፣ ሰውን ከዕለት ኑሮው ያስተጓጎለ ሐዘን ነው። በእኛ ልማድ ሙት ዓመት ሐዘን የሚቀልበት ወሰን ነው፤ እናታችሁ ያንን ካለፈች ስድስት ወር ሆኗታል። ስለዚህ ሐኪም ማየት አለባት።

በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ስትሄዱ ይህን ጽፋችሁ ያዙ፦ በሌሊት ስንት ሰዓት እንደምትተኛ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደምትበላ፣ ክብደቷ ቀንሶ እንደሆነ፣ የምትወስደውን መድኃኒት፣ ከቤት መጨረሻ የወጣችበትን ቀን። ለሐዘኑ ዋናው ሕክምና ንግግር ነው፣ በተከታታይ ቀጠሮ። ድባቴ አብሮ ካለ ኪኒን ሊታዘዝ ይችላል፤ ለውጡ ለመታየት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ስለሚፈልግ በመጀመሪያው ሳምንት «አልሠራም» ብላችሁ አታቁሙ። ጸበሉን መተው አያስፈልግም፤ ሁለቱ አይጣሉም፤ መድኃኒቱ ግን በጸበሉ ቀናትም አይቋረጥ።

«ለምን እኔን አልወሰደኝም» የሚለውን ግን አትለፉት። ብቻዋን ስትሆን፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ በግልጽ ጠይቋት፦ «እማዬ፣ ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» መጠየቅ ሐሳቡን በሰው አእምሮ አይከትትም፤ ብዙ ጊዜ ሸክም ያቀልላል። አዎ ካለች፣ በተለይም እንዴት እንደምታደርገው ካሰበች፣ ብቻዋን አትተዋት፤ የእህል መድኃኒቱን፣ ፀረ ተባዩንና በቤት ያለውን ኪኒን ሁሉ ከግቢው አውጡ፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዷት። በዓል ቢሆንም የድንገተኛ ክፍል ክፍት ነው።

ለዘንድሮው ገና ከእሷ ትልቅ ነገር አትጠብቁ። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ አንዳችሁ ክንዷን ይዛችሁ እስከ ሐይቁ ዳር ወጣ ብላችሁ ተመለሱ፤ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ቅዳሴው ሕዝቡ በዝቶ ካስፈራት ከበሩ አጠገብ ቁሙ፤ ትንፋሽ ሲያጥራት አራት እየቆጠረች ትሳብ፣ ስድስት እየቆጠረች ታስወጣ። አልሄድም ካለች ደግሞ በማግስቱ እንደገና ጠይቋት።